ስንቅና ኪራይ በላሊበላ

ቅዳሜ ረፋድ፣ የላሊበላ ገበያ ገና ሳይሞላ፣ ከአሸተን ቁልቁለት፣ ከገነተ ማርያምና ከብልብላ በኩል አህዮች ተከታትለው ይገባሉ። ገብሱ፣ ባቄላው፣ ዶሮውና ማሩ ለገበያ ነው። ከጭነቱ አናት ላይ የታሰረችው ትንሽ ማዳበሪያ ግን ለሽያጭ አልመጣችም። ገበያው ዳር የትምህርት ቤት ሹራብ የደረቡ ልጆች ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመዋል። የሚጠብቁት እሷን ነው።

አንድ አባት አህያውን አቁሞ ገመዱን ሲፈታ ልጁ ጉልበቱን ስሞ ተቀበለው። «እንጀራው ከላይ ነው፤ እንዳትጫነው። በሶውን እናትህ ለብቻ ቋጥራዋለች፣ እስከ ኀሙስ አትንካው» አለው። ከዚያ ከጋቢው ስር በመሐረብ የተቋጠረ ብር አወጣና ሁለት ጊዜ ቆጥሮ አስጨበጠው። «ይኸ የቤቱ ነው። ለእትዬ ዛሬውኑ ስጣቸው፤ አደራ፣ በእጅህ እንዳታሳድረው።» ልጁ ብሩን ደረት ኪሱ ከትቶ ማዳበሪያዋን ትከሻው ላይ አወጣ። ስለ ትምህርቱ የተነጋገሩት ሲለያዩ ነው፤ እሱም በአንድ ዐረፍተ ነገር፤ «ፈተናው መቼ ነው አልከኝ?»

ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ነው። በቀበሌው ያለው ትምህርት ቤት በስምንተኛ ክፍል ስለሚያበቃ ክልላዊውን ፈተና ሲያልፍ ወደ ከተማ መውረድ ግድ ሆነበት። ላሊበላ በምትገኝበት በላስታ ደጋ መንገዱ የሚለካው በሰዓት ነው። ቤቱ ሁለት ሰዓት ያህል የሚርቅ ልጅ ጠዋት ወርዶ ማታ ይወጣል፤ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ እየተነሣ ይችለዋል። ከይምርሃነ ክርስቶስ አካባቢ ለሚመጣ ግን በእግር ከአምስት ሰዓት የማያንስ ነውና በየቀኑ መመላለስ የማይታሰብ ነው። ላሊበላ ራሷ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4200 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ግርጌና ወገብ ላይ ተበትነው የሚኖሩ ገበሬዎች ልጃቸውን ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ከፈለጉ ያላቸው ምርጫ አንድ ነው፤ ከተማ ላይ ቤት መከራየት። ለብቻው የሚከራይ አቅም ያለው ስለሌለ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሆነው ተደብለው ይከራያሉ።

ይህ በላሊበላ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በሸዋና በወሎ በየወረዳው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ ዙሪያውን የተማሪ ኪራይ ቤት አለ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ከተቀመጠው ሰው ብዙው በእንዲህ ያለ ቤት ስንቅ ተሸክሞ አልፏል። ሆኖም ስለ ትምህርት ጥራት ሲወራ መጽሐፉ፣ መምህሩና ሥርዓተ ትምህርቱ ይነሣሉ፤ ልጁ ማታ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ የሚያነሣ ሰው አይገጥመኝም። እኔ ደግሞ ከሌላው ሁሉ በፊት መነሣት ያለበት እሱ ይመስለኛል።

የዚያን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ማደሪያ ልንገራችሁ። ከዋናው ቤት ጀርባ በባሕር ዛፍ ተማግሮ፣ ጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። በሩ የቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ ክንድ የማይሞላ። ወለሉ አፈር ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ እበት ይለቀለቃል። በአንደኛው ግድግዳ በኩል መደብ አለ፤ ሁለቱ ልጆች አንድ ፍራሽ አንጥፈው እዚያ ይተኛሉ። ሦስተኛው መሬት ላይ ኬሻ አንጥፎ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል። ጥግ ላይ ሁለት ጀሪካን፣ የከሰል ምድጃ፣ ጥላሸት የለበሰ ድስት፣ አንድ ትሪና ሦስት ኩባያ ተቀምጧል። ደብተሮቹ እንዳይረጥቡ ከጣሪያው ማገር ላይ በፌስታል ተንጠልጥለዋል። የክፍሉን አምፖል የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ ያለው በአከራይዋ ቤት ውስጥ ነው።

ሦስቱም ከአንድ ቀበሌ ናቸው። ትልቁ አሥራ ሁለተኛ፣ ተከታዩ አሥረኛ፣ ትንሹ ያ ገበያ ላይ ያየሁት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው። በሩ ጀርባ በከሰል የተጻፈ ተራ አለ፤ ሰኞ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማክሰኞ ማን ወጥ እንደሚሠራ። ለእሑድ ተራ አልወጣም፤ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ልብሱን ያጥባልና።

የሳምንቱ ምግብ የራሱ ሥርዓት አለው። ቅዳሜና እሑድ ትኩስ እንጀራ ይበላል። ሰኞና ማክሰኞ እንጀራው ቢጠነክርም በሽሮ ይረጥባል። ረቡዕ መሻገት ይጀምራል፤ ብርዱ ትንሽ ቢያቆየውም አያድነውም። የሻገተውን ቆርጠው ጥለው የቀረውን ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ያስመቱታል፤ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይበሉበት ምክንያት ሃይማኖት ነው፤ ትልቁ ልጅ ግን «ጾሙም ባይኖር ቁርሱ አይኖርም ነበር» አለኝ። ኀሙስ የበሶ ቀን ነው። በላስታ ደጋ ዋናው እህል ገብስ ነውና በሶ ከሁሉም ቤት አይጠፋም። በውኃና በጨው ይበጠበጣል፤ ስኳር ያለው ቀን ዓመት በዓል ነው። ዓርብ ቆሎ ብቻ ከቀረ ኪስ ውስጥ ተይዞ ትምህርት ቤት ይኬዳል።

የደነቀኝ የአበላላቸው ነገር ነው። ሦስት ማዳበሪያ ይመጣል፤ የሚበላው ግን ከአንድ ትሪ ነው። ከሦስቱ የአንዱ እናት ብቻዋን የምታሳድግ ናት፤ የምትልከው ሁልጊዜ ያንሳል። ሌሎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ማንም በቃል አያነሣውም። ያ ልጅ ግን ከተራው በላይ ጀሪካን ይሸከማል። ውኃ በፈረቃ በምትመጣባት ከተማ የቦኖ ሰልፍ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ እሱ መጽሐፉን ይዞ ይሰለፋል። ተነጋግረው የተዋዋሉት ነገር የለም፤ እንዲያው ሆኖ ሄዷል። አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው እንዲህ ያለ ሒሳብ በልቡ የሚይዝ ልጅ ፈተና ላይ የሚጠየቀው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ቤት የሚገኘው በዝምድና ነው። ደላላ ለነጋዴና ለመንግሥት ሠራተኛ ይሠራ ይሆናል፤ የተማሪ ክፍል ግን በቀበሌ ሰው፣ በክርስትና አባት፣ በጽዋ ማኅበር በኩል ይፈለጋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባት ከልጁ ጋር ወርዶ በራፍ ላይ ቆሞ ይነጋገራል። እኔ በሰማሁት ንግግር አባትየው ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት «እኅቴ፣ ሌላ ዘመድ የለኝም። ልጄን ለአንቺ ነው የምሰጠው። አደራ ለሰማይ፣ አደራ ለምድር» አለ። ሴትየዋም «ወንድሜ፣ እኔም እናት ነኝ። ነገር ግን ሌሊት በር የሚያስከፍት ልጅ አልይዝም፤ መብራት አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ እንግዳ አላሳድርም» አሉ። ዋጋው የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ከኪራዩ ላይ ጥቂት ተቀነሰ፤ በምትኩ በመኸር አንድ ቁና ባቄላና አንድ ሸክም ጭራሮ ተጨመረ። ወረቀት አልተጻፈም። ምስክር ይሆን ዘንድ የቆመው ያገናኛቸው ዲያቆን ነው።

የእኒህን ሴት ቤት በኋላ ለብቻዬ ሄጄ አየሁት። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ መተዳደሪያቸው ጠላና እነዚህ ከጀርባ ያሉ ሦስት ክፍሎች ናቸው። ስምንት ተማሪ ያድርባቸዋል። «የማን ልጅ ታመመ፣ የማን ልጅ ትምህርት ቀረ፣ ሁሉን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉኝ። ባለፈው ክረምት መግቢያ አንዱ ልጅ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ጤና ጣቢያ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ካርድ ሲወጣ «የማን ልጅ ነው?» ተብለው «የእኔ» ብለው አስመዘገቡት። ኪራይ ሁለት ወር ያሳለፈ ልጅ እንደነበራቸውም ነገሩኝ። አላስወጡትም፤ አባቱ በግ ሸጦ እስኪመጣ ጠበቁ። በከተማዋ ውስጥ እንዲህ ያሉ አከራዮች ብዙ ናቸው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ማደሪያም፣ ጠባቂም፣ ነርስም፣ ተቆጣጣሪም የሆኑት እነሱ ሲሆኑ በትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ አንዳቸውም የሉም።

እርግጥ ሁሉም አከራይ እንዲህ አይደለም። ለገና ሰሞን ክፍል ልቀቁ የሚል አለ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላሊበላ ከየአገሩ በሚመጣ ምእመን ትሞላለች፤ ከቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ለማየት ከእግረኛው ጀምሮ በአውሮፕላን እስከሚመጣው ድረስ ማደሪያ ይፈልጋል። ለአንድ ሳምንት የሚገኘው ገንዘብ ተማሪ በወራት ከሚከፍለው ሊበልጥ ስለሚችል አንዳንዱ ባለቤት ልጆቹን «አገራችሁ ገብታችሁ በዓሉን አሳልፉ» ይላቸዋል። ልጆቹ ዕቃቸውን አንድ ጥግ ከምረው ይወጣሉ። ሲመለሱ ከሰላቸው አልቆ፣ ፍራሻቸው ቆሽሾ ሊያገኙት ይችላሉ። በቃል የተያዘ ውል ላይ ማን ምን ይላል?

ሕጉ ይህን ጉዳይ እስከ ዛሬ አላየውም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ተፈጻሚ ነው፤ በክልሎች ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች። ለአዲስ አበባ ተከራይ ትልቅ እፎይታ የያዘ አዋጅ ነው። የላስታን ተማሪ ግን አስቦት አልወጣም። አንደኛ፣ ልጁ ቤት የሚፈልገው ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፤ ክረምቱን እርሻ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ዕድሜው 18 ያልሞላ ስለሆነ በራሱ መዋዋል አይችልም፤ የሚዋዋልለት አባቱ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ነው የሚኖረው። ሦስተኛ፣ ውል ይመዝገብ ቢባል ጠላ ሸጣ የምታድር ሴት ግብሩን ፈርታ ክፍሏን ልትዘጋ ትችላለች፤ ያኔ የሚጎዳው ተማሪው ነው። ስለዚህ አዋጁ እንዳለ ይምጣ አልልም። ለተማሪ ኪራይ የሚሆን አንድ ገጽ ውል፣ ትምህርት ቤቱ የሚያውቀው፣ አባትና አከራይ የሚፈርሙበት፣ ገና ላይ እንዳያስወጡ የሚከለክል ግን ከባድ ነገር አይመስለኝም።

ላሊበላ ርቆ የመጣ ተማሪን ማሳደር አዲስ ነገሯ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የአብነት ተማሪ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ከጎጃም፣ ከበጌምድር፣ ከትግራይ ንባብ፣ ዜማ፣ አቋቋም ሊማር የሚመጣው ልጅ ቤት አይከራይም። ከየኔታ ደጅ ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል ወይም ቀድሞት የመጣ ተማሪ በለቀቃት ይገባል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ቁራሽ ለምኖ ይኖራል። ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል። ኑሮው ከባድ ነው፤ ብርዱም፣ ውሻውም፣ እከኩም አለ። ነገር ግን ተማሪው የማኅበረሰቡ ዕዳ እንደሆነ ሁሉም ይቀበላል፤ ቁራሽ የነፈገች ቤት ታፍራለች። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ይህ ስምምነት አብሮ አልተሻገረም። ሹራብ ለብሶ ደብተር የያዘ ልጅ ቢለምን «ሥራ አትሠራም?» ይባላል።

ተማሪ ማደሪያ እንደሚያስፈልገው መንግሥት መጀመሪያ ላይ ተረድቶት ነበር። ከጣሊያን ወረራ ማግሥት፣ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪ ነበር፤ ጄኔራል ዊንጌትም እንዲሁ። ትምህርት ቤት ጥቂት፣ ተማሪው ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣ ስለነበረ አልጋና ምግብ የትምህርቱ አካል ተደርጎ ተቆጠረ። በኋላ ትምህርት ቤቱ ሲበዛ አዳሪነቱ ቀረ። አሁን ሁለተኛ ደረጃ በየወረዳው አለ ይባላል፤ እውነትም አለ። ላስታን በመሰለ ገደልና ሸንተረር በሚበዛበት አገር ግን የወረዳ ከተማ ቅርብ ማለት አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ ዛሬም ብዙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ አዳሪ ናቸው፤ ወጪው ወላጅን እንደሚያስጨንቅ ይታወቃል፤ ቢያንስ ልጁ የት ያድራል የሚለው ጥያቄ ግን ለብቻው ለወላጅ አልተተወም።

እኛ አገር አልጋው የሚገኘው በሌላኛው ጫፍ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትኖ ያለፈ ልጅ ወልድያ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ዶርም ይሰጠዋል፤ ካፌ ይበላል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ባለው የወጪ መጋራት ደንብ የተወሰነውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል፤ ትምህርቱ ላይ እያለ ግን አልጋና እንጀራ አለው። በካፌ መብላት የማይፈልገው ነን ካፌ ሆኖ ገንዘቡን ይወስዳል። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው የምግብ በጀት 22 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ሲያንስ ነው፤ የሚቃወመው ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ፤ ለሃያ ዓመቱ ወጣት በቀን 100 ብር የሚመድብ አገር፣ ለዚያው ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሳለ አንድ ብር አይመድብለትም። ዩኒቨርሲቲ ለመድረስ የሚያስፈልገውን አራት ዓመት በእናቱ በሶና በአከራዩ ርኅራኄ ይዘልቅ ብሎ ለቆታል።

ፈተናው ደግሞ ከብዷል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሰጠው በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ብዙ ተብሏል፤ ሁሉም እውነት አለበት። እኔ የምጨምረው፣ ከገጠር ለመጣው ልጅ በትምህርት ዘመኑ ኪራይ ሳይከፍል፣ እንጨት ሳይለቅም፣ ሦስት ጊዜ በልቶ የተኛባቸው የመጀመሪያ ቀናት እነዚያው የፈተናው ቀናት መሆናቸውን ነው። ተፈትኖ የተመለሰ አንድ የላሊበላ ልጅ ስለ ሒሳቡ ጥያቄ ከማውራቱ በፊት ስለ ምሳው ነበር ያወራኝ።

ሴት ልጅ ስትሆን ነገሩ ሌላ ነው። ያነጋገርኳት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የተከራየችው ከአጎቷ ልጅ ጋር ነው፤ አባቷ «ወንድ ካልኖረበት አልልክም» ስላለ። እሱ ስምንተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረሰም፤ ቀን ግንበኛ ሥር ጭቃ ያቀብላል። ከትምህርት ስትመለስ ለእሱም የምታበስለው፣ ልብሱንም የምታጥበው እሷ ናት። የቤቱ ሽንት ቤት ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ በሩ አይቀረቀርም። ማታ ብቻዋን ስለማትወጣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ውኃ አትጠጣም። በወር አበባዋ ሰሞን ትምህርት የምትቀርበት ምክንያትም ይኸው ቤት ነው፤ መታጠቢያ የለውም። «ትምህርቱ አይከብደኝም፤ ቤቱ ነው የሚከብደኝ» አለችኝ። ከአምስት የቀበሌዋ ሴት ልጆች መካከል ስምንተኛን አልፋ ከተማ የወረደችው እሷ ብቻ ናት። ጋብቻ በሕግ ከ18 ዓመት በፊት ክልክል ነው፤ ነገር ግን ወላጅ ልጁን የት እንደሚያሳድራት ካጣ ለትዳር የሚጠይቀው ሰው ቤት ያለው ሆኖ ይታየዋል። የሴት ተማሪዎች ማደሪያ አንድ ቢኖር ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይከላከላል ብዬ አምናለሁ።

ቱሪስት በነበረበት ጊዜ አንዳንዱ ስፖንሰር ነበረው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ፣ በተለይ ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት፣ ከቤተ ጊዮርጊስ በራፍ ላይ ፈረንጅ አግኝቶ የቤት ኪራዩ የተከፈለለት ልጅ ብዙ ነው፤ በዚያ መንገድ ተምረው አስጎብኚም ሐኪምም የሆኑ አሉ። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ዕጣው የሚወድቀው እንግሊዝኛ መሞከር ለቻለው፣ ደፍሮ ለቀረበው፣ በዋናው መንገድ ላይ ለተገኘው ነበር። ዓይን አፋሩ የብልብላ ልጅ አልደረሰበትም። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱም ሆቴሉም ሲዘጋ ያም ቀረ። በዓመቱ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ እጅ ስትቀያየር ከረመች። ከዚያም በኋላ ብዙ ወራት መብራት አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን እየዘጋ፣ ትምህርቱን እያቋረጠ ይኸው እስካሁን አለ፤ በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ቁጥር በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው።

በሰላሙ ጊዜ ስንቅ ቢያልቅ አንድ ሳምንት ይራባል። መንገድ ሲዘጋ ግን አህያዋ አትወርድም፤ ቅዳሜም ገበያ አይቆምም። አከራይዋ ሴት ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቀየረ። ሁለት ሳምንት መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ከስምንቱ ልጆች አምስቱ ወደ አገራቸው መመለስ ሳይችሉ ግቢው ውስጥ ቀሩ። ለጠላ ያዘጋጁትን እህል አስፈጭተው ቂጣ እየጋገሩ አበሏቸው። ሲከፈት ሦስቱ ሄዱ፤ ከሦስቱ አንዱ ተመልሶ አልመጣም። «አባቱን ገበያ አግኝቼ ጠየቅኩት፤ ‹ከዓይኔ አላርቀውም› አለኝ። ምን እላለሁ?» አሉ።

ምን ይደረግ ለሚለው ከላሊበላ ራሷ የሚነሣ መልስ አለ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ለቅርሱ ሲባል ተነሥተው ኩራኩር ላይ ሰፍረዋል፤ ለዚያ መሬትም ገንዘብም ተገኝቷል። ለቅርሱ ጠባቂ የሚሆነውን ትውልድ የሚያሳድር አሥር ክፍል ቤት ለመሥራት ከዚያ የቀለለ ፈቃድ ነው የሚያስፈልገው። ጭቃው፣ ባሕር ዛፉና ጉልበቱ በአካባቢው አለ፤ ገበሬው ልጁ የሚያድርበት ከሆነ ድንጋይ ያግዛል። የሚጎድለው ቆርቆሮው፣ የሚቀረቀር በር፣ መብራቱ፣ አንድ የውኃ ጋንና ለምታስተዳድረዋ ሴት የሚከፈል ደመወዝ ነው። ለዚህ ሥራ ከእነዚህ አከራይ ሴቶች የተሻለ ሰው የለም፤ ሲሠሩት ኖረዋል።

እስከዚያው ኪራዩ ይቀጥላል። እኔ ከላሊበላ ስወጣ ሰኔ ገብቶ ነበር፤ የእነዚያ ሦስት ልጆች ክፍል ሒሳብ ላይ ነበረች። ትልቁ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ነው። ቢያልፍም ባያልፍም አይመለስም። ስለዚህ ኪራዩ ለሁለት ሊከፈል ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አይችሉትም። ለመስከረም ሦስተኛ ደባል ማግኘት አለባቸው። ያሰቡት ልጅ አለ፤ ከቀበሌያቸው ስምንተኛን የጨረሰ፣ አባቱ «በጎቹን ማን ይጠብቃል?» ያለ። የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ለክረምት አገሩ ሲገባ በመጀመሪያው እሑድ ከአባቱ ጋር ወደዚያ ቤት ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል። ለአባትየው የሚነግሩትንም አስልተው ጨርሰዋል፤ ፍራሽ መግዛት አያስፈልገውም፣ ትልቁ ልጅ ኬሻውንና ብርድ ልብሱን ትቶለት ይሄዳል፤ ድስትና ምድጃ አለ፤ ኪራዩ ለሦስት ሲካፈል በዓመት ከአንድ በግ አይበልጥም፤ አከራይዋም ጥሩ ሴት ናቸው።